ትንፋሽ አይያዝም

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዓሣ ተራው ማዶ፣
ባለ አንድ በር ፎቶ ቤት፣ ግድግዳው በሰማያዊ ጨርቅ ተጋርዶ፣
ዱማጌቴ ላይ መርከበኛ ሳነሳ፣
ለፓስፖርት፣ ለመርከብ ደብተር፣ አንዳንዴም ለሬሳ፣
የምለው ይህ ነበር፦
«ቀና በል። አገጭህን ዝቅ። ትንፋሽህን ያዝ።»
ጠቅ።
ቀጣይ።

ስንቱን ጎረምሳ ለባሕር ዳርሁ!
እኔ ግን ከጉልበቴ በላይ ውሃ ሳልነካ ሸበትሁ።
የማውቀው ውሃ ቢኖር፣ ከቀይ አምፖል ሥር፣
ፎቶ የማጥብበት የሦስት ጣት ባሕር፤
እዚያ ነው ፊት የሚወጣው፣ ቀስ እያለ፣ ከባዶ፦
መጀመሪያ ቅንድብ፣ ቀጥሎ አፍ፣
በመጨረሻ ዕድሜ።

ኋላ ስልክ መጣ፣ ሰው ራሱን አነሳ፣
ወንበሬ ተረሳ።
አንድ ጎብኚ በዕዳው የተወው ካሜራ፣
እንደ ኤሊ ቅርፊት ለብሶ፣ ከመደርደሪያው ሲጣራ፣
በአምሳ ስምንት ዓመቴ ካልሲዬን አወለቅሁ፤
ማንሳት የማውቅ ሰው፣ መስመጥ ልማር ወጣሁ።

መምህሬ ጄሪሊን ናት፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ።
(ትምህርት ቤት ስትገባ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤
የፊት ጥርስ አልነበራትም። ኔጌቲቩ እስካሁን አለኝ።)
«ኖንግ ክሪሳንቶ፣ ፊትህን ንከርና አረፋ ንፋ!»
ነፋሁ። ዋጥሁ። አሳለኝ።
እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ውሃ
እኔን እያሳለ፣ እያስነጠሰ ወሰደኝ።
የሰፈር ልጆች ከባሕሩ ግንብ ላይ ተደርድረው
ቆጠሩልኝ፦ «አንድ! ሁለት! ሰመጠ ሰውየው!»
ሚስቴ ኢርሚንዳ ፎጣዬን ታቅፋ፣ ዣንጥላ ሥር ቆማ፣
ጥርሷን አላሳየችም። ቤት ስንገባ ግን
ኩሽና በሯን ዘግታ ሳቀች፣ ድስቱ እስኪሰማ።

ሦስት ወር። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ሳላስበው፣
በጀርባዬ ተንጋለልሁ፤ ውሃውም ተሸከመኝ፣
ማን እንደሆንሁ እንኳ ሳይጠይቀኝ።

ዳዊን። ጥቁር አሸዋ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ።
አፌ ላይ ጎማ፣ ጀርባዬ ላይ ብረት።
ከመግባታችን በፊት ጄሪሊን ጣቷን ቀሰረች፦
«ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ግድ የለኝም፣» አለች፣
«ትንፋሽ ግን አይያዝም።
ከታች የያዘው ሰው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሳንባው ይቀደዳል።»
ዝም አልሁ።
ስንቱን ሰው አስይዣለሁ።

ወረድን። መጀመሪያ ቀይ ጥሎን ሄደ፤
የጓንቴ ጥለት ቡናማ ሆነ፣ ከዚያም አመድ መሰለ።
ብርቱካኑም ተከተለ።
ሰማያዊው ብቻ ቀረ፣ በአራቱም ማዕዘን ተሰቅሎ፣
የፎቶ ቤቴን ጨርቅ መስሎ።

አሥራ ሁለት ሜትር ላይ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሥር፣
አንድ ዓሣ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል፣
ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ ያየኝ ነበር።
አፉ ሙሉ እንቁላል፤ እያንዳንዱ እንቁላል
ሁለት የብር ዓይን አለው።
አባት ነው። እናቲቱ ሄዳለች።
እስኪፈለፈሉ እህል አይቀምስም።

ልማድ ክፉ ነው፤ በጎማው ውስጥ አጉረመረምሁ፦
«ቀና በል። አገጭህን ዝቅ። ትንፋሽህን...»
እሱ አፉን በረገደው።
ልጆቹን እስከ ከንፈሩ ተፋቸው፣ ንጹሕ ውሃ አጠጣቸው፣
መልሶም ጎረሳቸው።
ተፋ፣ ጎረሰ። ተፋ፣ ጎረሰ፤
የማይውጠው ጉርሻ።
እኔም ከእሱ ጋር ሳስወጣ፣ ሳስገባ፣ አረፋዬ ወደ ላይ ሲንጋጋ፣
ጄሪሊን የአየር መለኪያዬን አይታ እጄን እስክትይዝ ድረስ
ጣቴ ማንሳቱን ረሳ።

አንድ ብቻ አነሳሁ፣ ስንወጣ፣ በጥድፊያ።

ማታ ኢርሚንዳ መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አገላበጠችው።
«ዓሣው የታለ?»
«ይኸው፣ እዚህ ጋ። የደበዘዘው።»
«ይህ ሁሉ ነጭ ነጥብስ?»
«አሸዋ ነው። እኔ ነኝ በእግሬ ያቦነንሁት።»
ትንሽ ቆየች። ፎጣውን ከገመዱ አወረደች፣ አጠፈች፣
እንደገና ዘረጋችው።
«ውሃው፣» አለች፣ «ጠዋት ላይ ይበርዳል?»